ከመማሪያ ክፍል እስከ ቁፋሮ ቦታ፦ በቅድመ ታሪክ አርኪዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ምን ይመስላል?

ኢትዮጵያ "የሰው ዘር መገኛ" ተብላ ስትጠራ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስታውሰው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሃዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ነው። ስለ ድንቅነሽና ስለ ሌሎች ቅሪተ አካላት በርካታ መረጃዎች ለሕዝብ ቀርበዋል። ቅሪተ አካላቱን ፈልገው ስለሚያገኙ፣ ከተራ አጥንት ስለሚለዩና ዕድሜያቸውን ስለሚያሰሉ ባለሙያዎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል አንዳንዶቹ ስማቸው የሚነሣበትን ግኝት ያበረከቱት ገና ተማሪ ሳሉ መሆኑም እምብዛም አይታወቅም።

ለዚህ አንዱ ማሳያ በአፋር ክልል የሚገኘው የሌዲ ጌራሩ የጥናት ቦታ ነው። በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ቻላቸው ሥዩም በአንድ ኮረብታ ላይ ቅኝት ሲያደርጉ ከአፈሩ ብቅ ያለ ጥርስ ተመለከቱ። ቀጥሎ የተሰበሰበው ቁራጭ አምስት ጥርሶችን የያዘ የግራ ታችኛ መንጋጋ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. ሲታተም መንጋጋው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውና የዘመናዊው ሰው ምድብ የሆነው "ሆሞ" እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ተገለጸ። በዚህም የምድቡ ታሪክ በ400 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተገፋ።

አንድ ተማሪ በአንድ ኮረብታ ላይ ያየው ጥርስ የመማሪያ መጻሕፍትን ሊያስለውጥ የቻለው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ዐይኑ ምን መፈለግ እንዳለበት ለዓመታት ስለ ተማረ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ትምህርት ጉዞ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ያብራራል፤ ሥልጠናው ለሀገሪቱ ቅርስ ምን ትርጉም እንዳለውም ያመለክታል።

የትምህርት መስኩ ምንነት

ቅድመ ታሪክ ሲባል ጽሕፈት ከመጀመሩ በፊት የነበረው እጅግ ረጅሙ የሰው ልጅ ዘመን ማለት ነው። ስለዚህ ዘመን የሚናገር የብራና ጽሑፍም ሆነ የድንጋይ ላይ ጽሕፈት የለም። ምስክሮቹ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ አጥንቶች፣ የእሳት ቅሪቶች፣ የአፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ናቸው።

መስኩ የተለያዩ ሙያዎችን ያገናኛል። አርኪዮሎጂ ሰው የሠራውንና የተጠቀመበትን ነገር ያጠናል። ፓሊዮአንትሮፖሎጂ ደግሞ የሰውና የቀደምቶቹን ቅሪተ አካል ይመረምራል። የሥነ ምድር ባለሙያው ንብርብሮቹ እንዴትና መቼ እንደ ተፈጠሩ ያስረዳል። የጥንት እንስሳትና ዕፅዋት ተመራማሪዎች በበኩላቸው አካባቢው በዚያን ዘመን ጫካ፣ ሣራማ ሜዳ ወይም የሐይቅ ዳርቻ መሆኑን ይለያሉ። በመሆኑም ወደ መስኩ የሚገባ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አንዱን ሙያ በጥልቀት መያዝ፣ የሌሎቹንም ቋንቋ መስማት ይጠበቅበታል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት የምትሰጠው የጊዜ ስፋት በዓለም ጥቂት ሀገሮች ብቻ ያላቸው ነው። በአፋር ጎና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በኮንሶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእጅ መጥረቢያዎች ተጠንተዋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ ከባልጩት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በባሌ ተራሮች ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ መሰል ጥላ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደ ነበር ተረጋግጧል። በጋሞ ከፍታዎች ከሚገኘው የሞታ ዋሻ ደግሞ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የአንድ ሰው አጽም ተገኝቶ ዘረመሉ ተነቧል።

መነሻው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ

ወደ ቅድመ ታሪክ ጥናት የሚያስገባው በር አንድ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በዲኪካ የተገኘችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን ሕፃን "ሰላም"ን ለዓለም ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሥነ ምድር ነበር። በብሔራዊ ሙዚየም ከሠሩ በኋላም በፈረንሳይ ሀገር የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በታሪክ ነው። ሁለቱም በተለያየ በር ገብተው በአንድ መስክ ተገናኝተዋል።

በአሁኑ ጊዜ በሀገር ውስጥ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የአዲስ አበባና የአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ታሪክ፣ ሥነ ምድር፣ ሥነ ሕይወት፣ ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂ የተማረ ምሩቅም ጎዶሎውን በተጨማሪ ኮርሶች እየሞላ መቀላቀል ይችላል። ከታሪክ የመጣ ተማሪ የአፈር ንብርብር ማንበብንና ስታቲስቲክስን ማጥናት ይኖርበታል። ከሥነ ምድር የመጣው በበኩሉ ስለ ሰው ልጅ ባህልና ስለ ቁፋሮ ሥርዓት መማር ያስፈልገዋል።

የጥናት ጥያቄን መምረጥ

በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ ተማሪውን በብርቱ የሚፈትነው ጉዳይ የጥናት ጥያቄን መወሰን ነው። ብዙ ጀማሪዎች "አዲስ ቅሪተ አካል አገኛለሁ" በሚል ተስፋ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ ግኝትን በዕቅድ ማስገባት አይቻልም፤ ቢገኝም ጥናቱ ከዲግሪው የጊዜ ገደብ ሊያልፍ ይችላል።

የአርዲ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1987 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ በተባለ ቦታ የአጽሟን የመጀመሪያ ቁርጥራጮች ያገኙት፣ በወቅቱ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነበሩ። መጀመሪያ የታዩት የእጅ መዳፍ አጥንት ስባሪዎች ናቸው። አጥንቶቹ ሲነኩ የሚፈረፍሩ ስለ ነበሩ ማውጣቱ፣ ማጽዳቱና መገጣጠሙ እጅግ ረጅም ጊዜ ወሰደ። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ ሙሉ ጥናት የታተመው በ2002 ዓ.ም. ነው። የሰላም አጽምም ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለ ነበር ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ በሚመስሉ ረቂቅ መሣሪያዎች ቅንጣት በቅንጣት ማንሣት ዓመታትን ጠይቋል፤ ውጤቱ የታተመው ከግኝቱ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነበር።

በመሆኑም ልምድ ያላቸው አማካሪ መምህራን ተማሪው ከሰፊው ሥራ በተወሰነ ጊዜ ሊጠናቀቅ የሚችል አንድ ክፍል እንዲይዝ ይመክራሉ። ለምሳሌ ከአንድ ቦታ የተሰበሰቡ የድንጋይ መሣሪያዎች ጥሬ ዕቃቸው ከየት እንደ መጣ፣ የአንድ ዘመን የአጋዘን ዝርያዎች ጥርስ ስለ አየር ጠባዩ ምን እንደሚናገር ወይም አንድ ዋሻ ውስጥ የተገኘው አመድ የምድጃ መሆን አለመሆኑ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርእስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው የግድ ከአዲስ ቁፋሮ መምጣት እንደሌለበትም መገንዘብ ያስፈልጋል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ኦሞ ኪቢሽ በተባለ ስፍራ የተገኙት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ቅሪቶቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ዕድሜያቸው በመጀመሪያ ወደ 130 ሺህ ዓመት ተገመተ። በ1997 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ዕድሜውን ወደ 195 ሺህ አሳደገው። በ2014 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቅሪቶቹ በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር በማዛመድ ቅሪቶቹ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንዳስቆጠሩ አመለከተ። አጥንቶቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የተጠየቁበት መንገድ ነው። በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ያለ ስብስብም አዲስ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ያልተቆፈረ መሬት ያህል ነው።

ፈቃድና የሕግ ማዕቀፍ

የቅርስ ጥናት በኢትዮጵያ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በአዋጁ መሠረት ቅርስን ለመፈለግ፣ ለመቆፈርም ሆነ ለማጥናት አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን በሚል ስያሜ ይታወቅ ነበር።

ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፈቃድ በተሰጠው የምርምር ፕሮጀክት ሥር ነው። ይህ ማለት ግን የሕጉ ጉዳይ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ተማሪው የጥናት ንድፉን ሲያዘጋጅ የሚሠራበትን ቦታ ወሰን፣ የሚጠቀምበትን ዘዴ፣ የሚሰበስበውን የናሙና ዓይነትና መጠን እንዲሁም ከጥናቱ በኋላ ዕቃዎቹ የሚቀመጡበትን ሁኔታ በግልጽ ማስፈር አለበት። ወደ መስክ ሲወጣም ከክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ከዚያም ከወረዳውና ከቀበሌው አስተዳደር ጋር አስቀድሞ መተዋወቅ የሥራው አካል ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ሂደት እንደ መሰናክል ይመለከቱታል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን መረጃ ጭምር ነው። ከቦታው የተነሣ፣ የተገኘበት ንብርብር ያልተመዘገበ መሣሪያ ውበት ሊኖረው ይችላል፤ ምስክርነቱ ግን ጠፍቷል። ቁፋሮ ሊደገም የማይችል ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ መሬት እንደ ገና አይቆፈርም። ስለዚህ ማን፣ የት፣ በምን ዝግጅት እንደሚቆፍር አስቀድሞ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የመስክ ሥራ

በአፋር የመስክ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው ሙቀቱ በሚቀንስባቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ቡድኑ ድንኳኑን ተክሎ፣ ውኃውንና ስንቁን ከሩቅ አስጭኖ ለሳምንታት ይሰፍራል። የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ምክንያቱም የማለዳዋ ፀሐይ በአግድም ስትወጣ ትንንሽ ነገሮች ጥላ ስለሚጥሉ በቀላሉ ይታያሉ።

ሥራው በአብዛኛው መቆፈር ሳይሆን መፈለግ ነው። ቡድኑ ጎን ለጎን ተሰልፎ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ በዝግታ ይራመዳል። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ሲታይ አካባቢው በእንብርክክ ይፈተሻል። እያንዳንዱ ቁራጭ በነበረበት ሳለ ምልክት ይደረግበታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የቦታው ልኬት ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሣል። የላላው አፈር በወንፊት ይነፋል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ በወንፊት ሥር ቆይቶ አንዲት የአይጥ ጥርስ ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ ያቺ ጥርስ ስለ ጥንቱ የአየር ጠባይ የምትሰጠው መረጃ ከትልቅ የዝሆን አጥንት ሊበልጥ ይችላል።

ተማሪው በመስክ ሁለተኛ መምህሩ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ለከብቱ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ መሬቱን በየቀኑ የሚረግጠው የአፋር አርብቶ አደር ካለፈው ዝናብ ወዲህ የትኛው ኮረብታ እንደ ተሸረሸረና አዲስ ነገር የት እንደ ወጣ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. በወራንሶ ሚሌ የተገኘውን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ሙሉ ለሙሉ የተጠበቀ ሊባል የሚችል የራስ ቅል የመጀመሪያ ክፍል ያየው ከአካባቢው ነዋሪዎች አንዱ ነበር። የተማሪው የመስክ ማስታወሻ የእነዚህን ሰዎች አስተዋጽኦ በተገቢው መንገድ ካልመዘገበ ጎዶሎ ይሆናል። የአካባቢውን ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን መማር፣ ሽማግሌዎችን ማክበር፣ ሥራው ስለ ምን እንደሆነ ለሕዝቡ ማስረዳት ከቁፋሮው እኩል የሚታይ ግዴታ ነው።

የቤተ ሙከራ ሥራ

ከመስክ የአንድ ወር ቆይታ በኋላ የሚከተለው የቤተ ሙከራ ሥራ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ተማሪው በመጀመሪያ የሚለማመደው መለየትን ነው። የዝንጀሮ ጥርስ ከቀደምት ሰው ጥርስ፣ የፍየል ክርን ከሚዳቋ ክርን የሚለየው በዘመናችን ካሉ እንስሳት አጽም ጋር ደጋግሞ በማነጻጸር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምልክትን ማንበብ ነው። አንድ አጥንት ላይ ያለ ጭረት የስለት ምልክት ነው? ወይስ የአዞ ንክሻ? ወይስ እንስሳት ሲረግጡት ከአሸዋ ጋር ተፋትጎ የመጣ? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከዲኪካ በተገኙ ከ3.39 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው ሁለት አጥንቶች ላይ የድንጋይ መሣሪያ ምልክት መኖሩን ሲያስታውቁ፣ ሌሎች ባለሙያዎች ምልክቶቹ በእንስሳት መረገጥ ሊፈጠሩ እንደሚችሉ በመግለጽ ተከራክረዋል። በአጥንት ላይ ያሉ ጥቂት ጭረቶች ሥጋ መብላትና መሣሪያ መጠቀም መቼ እንደ ተጀመረ የሚያከራክሩ ከሆነ፣ ተማሪው በአጉሊ መነጽር ሥር ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መረዳት አይከብድም።

የድንጋይ መሣሪያ የሚያጠና ተማሪ ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ መሥራትን ራሱ ይለማመዳል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ተማሪ ልዩ ዕድል አለው። ባልጩት በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች እንደ ምላጭ ያገለግል እንደ ነበር ከአያቶቹ ሊሰማ ይችላል። በኮንሶ የቆዳ ፋቂ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ እየሠሩ ይጠቀሙ እንደ ነበር ተመራማሪዎች በቅርብ ጊዜ መዝግበዋል። "የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው" የሚለው የቆየ ግምት በእነዚህ ሴቶች እጅ ተፈትኗል። ጥናታቸው መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሚሳል፣ መቼ እንደሚጣልና ሙያው ከእናት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ለመረዳት አስችሏል።

ዕድሜን ማስላት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግን ለማንም ግልጽ ነው። የምድር ንብርብር በመሶብ ውስጥ ተደራርቦ እንደ ተቀመጠ እንጀራ ነው፤ ካልተነካካ በቀር ከታች ያለው ቀድሞ የተቀመጠው ነው። በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ካለ በአመዱ ውስጥ ያሉ ማዕድናት እንደ ሰዓት ያገለግላሉ። ማዕድኖቹ በውስጣቸው ያለው የፖታሲየም ዓይነት በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የቀድሞው አርጎን ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አዲሱ መጠራቀም ይጀምራል። የተጠራቀመው መጠን ሲለካ ፍንዳታው የተከሰተበት ጊዜ ይታወቃል። ከአመዱ በታች የተገኘ አጥንት ከአመዱ ይበልጣል፤ ከአመዱ በላይ የተገኘው ያንሳል። ከ50 ሺህ ዓመት ወዲህ ላሉ እንደ ከሰል ያሉ ቅሪቶች ደግሞ የካርቦን 14 ዘዴ ጥቅም ላይ ይውላል።

የመመረቂያ ጽሑፍና ሙያዊ ሐቀኝነት

ማስረጃው ከተሰበሰበና ከተለካ በኋላ ተማሪው መጻፍ ይጀምራል። ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ የተገኘውን ብቻ ሳይሆን ያልተገኘውንም ይናገራል፤ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም ድንበር ያበጃል። ፕሮፌሰር ስለሺ ሰማው በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲማሩ ያጠኑት የጎና የድንጋይ መሣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሲታተም እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ነበር። ከዓመታት በኋላ በኬንያ ሎሜክዊ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ መሣሪያዎች መገኘታቸው ተገለጸ። ይሁንና የጎና ጥናት ዋጋ አልቀነሰም፤ ምክንያቱም የጥናቱ ጥንካሬ በቀዳሚነት ብቻ ሳይሆን መሣሪያዎቹ የተሠሩበትን ችሎታና የተገኙበትን ንብርብር በጥንቃቄ በመመዝገቡ ላይ ነበር።

ስሕተትን ማረምም የሙያው አካል ነው። የሞታ ዋሻው ሰው ዘረመል በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ዘረመል በመሆኑ ከፍተኛ ትኩረት አግኝቶ ነበር። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ትንተናው ላይ ስሕተት መገኘቱን አስታውቀው፣ ከውጭ ወደ አፍሪካ የገባው የዘር ድብልቅ በመላው አህጉር ተዳርሷል የሚለውን ድምዳሜያቸውን አረሙ። ዘረመሉ ራሱ ግን አሁንም ጠቃሚ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም፤ ስሕተቱን ራሱ አስቀድሞ የገለጸ ተመራማሪ አመኔታን አያጣም።

የባለሙያ ሥልጠና ለሀገር ያለው ትርጉም

ድንቅነሽ በተገኘችበት ዘመን ቅሪተ አካልን በሀገር ውስጥ ለማጥናት የሚያስችል በቂ ቤተ ሙከራም ሆነ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ አልነበረም። አጽሟ ለጥናት ወደ አሜሪካ ክሊቭላንድ ተወስዶ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ሀገር የተመለሰው። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ቅሪተ አካላቱ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ሊያጠኗቸው የሚሹ የውጭ ተመራማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። በመስኩ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ምሩቃን አንዱ የሆኑት ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ተከታዮቻቸው ታላላቅ ዓለም አቀፍ የምርምር ቡድኖችን እስከ መምራት ደርሰዋል።

ሆኖም ሥራው አልተጠናቀቀም። የአብዛኞቹ የናሙና ዕድሜ መለኪያ ቤተ ሙከራዎች የሚገኙት በውጭ ሀገር ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያንም የሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩት በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የመስክ ሥራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የጸጥታ ችግር ሲያጋጥም የአንድ ዓመት የመስክ ወቅት ያመልጣል፤ ለተማሪ ደግሞ አንድ ወቅት ማለት የዲግሪው አንድ ዓመት ነው። በሌላ በኩል ዝናብና ጎርፍ በየዓመቱ አዳዲስ ቅሪቶችን ከመሬት ያወጣሉ። የወጣው ቅሪት በወቅቱ የሚያነሣው የሠለጠነ ሰው ካላገኘ በቀጣዩ ክረምት ተሰባብሮ ይጠፋል። ለሚሊዮን ዓመታት በመሬት ውስጥ የተጠበቀ ማስረጃ ከመሬት ከወጣ በኋላ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ቅርሱ በሀገር እንዲቆይ ያደርጋል፤ ቅርሱን የሚያነብለት ባለሙያ ግን በአዋጅ አይገኝም። የሚገኘው በትምህርት ብቻ ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር፣ ሙዚየሞች የስብስብ ባለሙያ፣ የመንገድና የግድብ ፕሮጀክቶች የቅርስ ተጽዕኖ ገምጋሚ፣ ክልሎች ደግሞ የቅርስ ጥበቃ አማካሪ ያገኛሉ።

ለተማሪዎችና ለኅብረተሰቡ የተሰጠ ማሳሰቢያ

ወደዚህ መስክ ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች የሚከተሉትን ከወዲሁ ቢያዘጋጁ ይጠቀማሉ፦

1. ከመመዝገባቸው በፊት ቢያንስ በአንድ የመስክ ሥራ በረዳትነት መሳተፍ፤ ሙያው የሚስማማ መሆን አለመሆኑ በተሻለ የሚታወቀው በዚያ ነው።

2. ብሔራዊ ሙዚየምን እንደ ጎብኚ ብቻ ሳይሆን ማስታወሻ ይዞ እንደ ተማሪ መጎብኘት፤ ለእይታ የቀረቡት ቅሪተ አካላት የተገኙበትን ቦታና ንብርብር ለይቶ ማወቅ።

3. የእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ ማንበብን፣ የካርታ ሥራን፣ ሥዕል መሣልንና መሠረታዊ ስታቲስቲክስን መለማመድ።

4. አማካሪ ከመምረጥ በፊት የመምህሩን የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ማንበብ፤ የጥናት ፈቃድ፣ የናሙናና የኅትመት ባለቤትነት ጉዳዮችን ገና ከጅምሩ በጽሑፍ መነጋገር።

5. የጥናት ንድፉን በሁለት መንገድ ማዘጋጀት፤ የመስክ ወቅቱ ቢስተጓጎል በሙዚየም ስብስብ ላይ ሊሠራ የሚችል አማራጭ መያዝ።

ኅብረተሰቡም በዚህ ጉዞ ውስጥ ድርሻ አለው። በእርሻ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ቁፋሮ ወይም በሌላ አጋጣሚ የጥንት ቅርስ የሚመስል ነገር ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ በአዋጁ ግዴታው ነው። ለባለሥልጣኑ ለመድረስ በአቅራቢያ ያለው የቀበሌ ወይም የወረዳ አስተዳደር እንዲሁም የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊያግዝ ይችላል። ዕቃውን ከቦታው አለማንሣት፣ አለማጠብና አለመስበር፣ ቦታውን በምልክት መለየት በቂ ነው። የቀረውን ባለሙያው ይሠራዋል። ያ ባለሙያ ምናልባት ዛሬ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለ፣ የዝንጀሮን ጥርስ ከሰው ጥርስ መለየት በመለማመድ ላይ የሚገኝ ተማሪ ሊሆን ይችላል።